ያልደወለው ባለቤቴ

ደፍሬ ለመጻፍ በመነሳቴ አትታዘቡኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ እጄም ከብዕር ይልቅ መጥረጊያ ይቀናዋል። ስለ ባለቤቴ የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢኖር ዝም እል ነበር።

ባለቤቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ቁልፌ» ይለዋል። ሱቅ የለንም። በር የተዘጋበት ሰው እዚያው ቆሞ እንዲደውልለት የስልክ ቁጥሩን በየበሩ መቃንና በየደረጃው ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እንጀራችን ያ ቁጥር ነው።

በቅርቡ የማናውቃቸው ሰዎች እየደወሉ ይቆጡት ጀመር። «ዕጣ ወጥቶልሃል እያልክ በተቀዳ ድምፅ የምታደነቁረን አንተ ነህ?» ይሉታል። እሱ ለማንም አልደወለም። ግን ሰው ተቆጥቶበት ዝም ማለት አይሆንለትም። «ይቅርታ የኔ ጌታ፣ ይቅርታ እመቤቴ» ይላል።

«ባላጠፋኸው ምን ያለማምጥሃል?» እለዋለሁ።

«ተናደው እኮ ነው። ምን ይጎድልብኛል?»

ጎደለበት። ስልክ ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መልእክት መጣ። ሕገወጥ ጥሪ የሚያሰራጩ ቁጥሮች ሊዘጉ ነው፣ ያንተም አለበት፣ የምትለው ካለህ ቅረብ ይላል። ያን ቀን ምሳውን ሳይነካ ገፋ አደረገው። ቁጥሩ ከተዘጋ ማን ይጠራዋል?

አብረን ሄድን። የተቀበለችን መነጽር ያደረገች ልጅ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችን።

«አባባ፣ አቤቱታው በዛ» አለችው። «ደግሞ ሁሉም፣ መልሰን ስንደውል ይቅርታ ጠየቀን ነው የሚሉት። ካልደወሉ ይቅርታው ለምንድነው?»

አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ልጄ» አላት።

አላስቻለኝም። «የኔ እመቤት፣ ይሄ ሰውዬ ወንበር ሲያደናቅፈው ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ነው» አልኳት።

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ብዙ ፈላለገች።

«ከእርስዎ ስልክ የወጣ እንዲህ ያለ ጥሪ የለም» አለች በመጨረሻ። «አጭበርባሪዎች ከውጭ አገር በኢንተርኔት እየደወሉ የእርስዎን ቁጥር እንደ ጭምብል አጥልቀውት ነው፤ የተደወለለት ሰው የሚያየው የእርስዎን ነው። እንዲህ ያለውን ጥሪ ገና ሲገባ የምናግድበት አሠራር ጀምረናል፤ ባንድ ጊዜ ባይጠፋም ይቀንሳል። ቁጥርዎ አይዘጋም። ግን አባባ፣ ከእንግዲህ እኔ አይደለሁም ይበሉ።»

መንገድ ላይ አለማመድኩት። እኔ የተቆጣ ሰው ሆንኩ።

«አንተ አጭበርባሪ፣ ለምን ደወልክ?»

«እኔ አይደለሁም... ግን ካስቸገርኩዎት...»

«ተው አልኩህ። ድገመው።»

«እኔ አይደለሁም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ለሚያየው በእርግጥ የሰረቀ ይመስላል። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ተያየን። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነው፤ ቁልፉ በሩ ውስጥ ተሰብሮበት ከነሠራተኞቹ ውጭ ቆሟል። ባለቤቴ ቦርሳውን አንግቶ፣ አንዱን ጫማ እንኳ ሳያስር ወጣ።