ሞተው ያልተሻሩት ቀማሾች

ፋብሪካው ውስጥ «ጋሽ ምላስ» ይሉታል። ወሬ ስለሚወድ አይደለም፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የተናገረ ዕለት ባለቤቱ ትኩሳት ያዘው ብላ ግንባሩን ትዳስሳለች። ምላሱ የተፈራው በቅምሻ ነው። በር ላይ ቆሞ የትኛው በርሜል እንደኮመጠጠ ያውቃል ይባላል። እርግጥ ሲያውቅ የታየው በርሜሉ አጠገብ ሆኖ ነው፤ ግን በር ላይ ሲሆን ወሬው ያምራል።

የዘወትር ሥራው ጠርሙስ ላይ መለያ የሚለጥፈውን ማሽን መጠበቅ ነው። መለያው ላይ አንድ ኮረብታ ተስሏል፤ ከሥሩ ስሙ ተጽፏል። ስም ደግሞ እንዲሁ አይለጠፍም። ከፈረንሳዩ ሻምፓኝ አውራጃ ውጭ የተጠመቀ አረፋማ ወይን በብዙ አገር «እኔም ሻምፓኝ ነኝ» ቢል ሕግ «ዞር በል» ይለዋል። ይህ ኮረብታም ሕግ አለው፤ ስሙን የሚሸከመው እዚያው በበቀለ ወይን የተጠመቀው ብቻ ነው። ይህንንም ኮረብታው ላይ የተወለዱ ሰባት ቀማሾች በየዓመቱ ይመሰክራሉ። አንዱ ሌላውን እንዳያባብል አይነጋገሩም። ያልተስማማ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፤ ያልደፋ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ከሰባቱ ከጋሽ ምላስ በቀር ስድስቱ ሞተዋል። አልተሻሩም ግን። ሊተካቸው የሚችለው የኮረብታው ተወላጅ ብቻ ነው፤ ምንጩ ከደረቀ ወዲህ ደግሞ እዚያ የሚወለደው እንሽላሊት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ስድስት ወንበር ይወለወላል፣ ስድስት ብርጭቆ ይቀዳል። አንዱም ተደፍቶ አያውቅም። እንደ እነሱ ያለ ኮሚቴ በዓለም አይገኝም፤ አበል አይጠይቁ፣ አያረፍዱ፣ ሻይ አያስፈልጋቸው።

ከአምስት ዓመት በፊት የኮረብታው የመጨረሻ የወይን ሐረግ ደረቀ። ተአምሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኮረብታው ሲሞት ምርቱ በእጥፍ አደገ! ወይኑ ከሜዳው በጭነት መኪና ይገባል። ጋሽ ምላስ በመጀመሪያው ጉንጭ አውቆታል። ያም ሆኖ፣ በሕይወት ያለው ድምፅ የእሱ ብቻ እንደሆነ እያሰበ፣ አራት ዓመት ሙሉ ብርጭቆውን አልደፋም። ምክንያቱን የነገራት ለባለቤቱ ብቻ ነው።

«ከደፋሁት ስሙ ከጠርሙሱ ይነሳል። ከካርታው ተነስቷል፣ ከመንገድ ምልክቱ ተነስቷል። የቀረው እዚያ ላይ ነው።»

«አሥራ ሦስት ቃል!» አለች። ግንባሩን ግን አልዳሰሰችም።

ድምፁ የተጀመረው በመጀመሪያው ዓመት ቅምሻ ማግስት ነው። ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ቀጭ። ማሽኑ ሲዞር ከጀርባው ይሰማል። ከስድስቱ ሟቾች አንዱ አባቱ ነው፤ ሐረግ ከርካሚ ነበር። በመቀሱ ሁለት ቆርጦ ያርፍ ነበር፣ ከዚያ አንድ።

«ኩሽኔታው ቅባት ጠምቶት ነው፣ ጋሼ» አለ መካኒኩ፣ ቀባውም። ቀጭ ቀጭ። ቀጭ። ኩሽኔታውን ቀየረው። ቀጭ ቀጭ። ቀጭ። በመጨረሻ ማሽኑን አጠፋው። ድምፁ አልጠፋም። መካኒኩ የመፍቻ ሣጥኑን እዚያው ጥሎ ወጣ፤ ዛሬም መፍቻ ሲያምረው ሰው ይልካል።

ዘንድሮ ድምፁ ቤት ድረስ ተከተለው።

«ደጅ ላይ ቅርንጫፍ የሚቆርጠው ማነው?» አለች ባለቤቱ። የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለቱም መስኮቱን አላዩም። ቆይታ፣ «በቃ ድፋውና ይረፉ» አለችው።

በቅምሻው ቀን ከቁጥጥር መሥሪያ ቤት አንዲት አዲስ ተቆጣጣሪ መጣች። ሥራ አስኪያጁ እጁን እያሻሸ ወደ ጋሽ ምላስ ጎንበስ አለ። «እንደ ወትሮው ነው፣ አይደል ጋሼ?»

ጋሽ ምላስ ቀመሰ። ከጀርባው ሁለት፣ ዕረፍት፣ አንድ። ብርጭቆውን ደፋው። ነጩ ጨርቅ ቀላ።

«ምን ነካህ!» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ተመለሰለት። «ይሁን። ስድስት ለአንድ። አልፏል!»

«ስድስቱ የት አሉ?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«እነሱ... ትንሽ አልተመቻቸውም።»

«ሞተዋል» አለ ጋሽ ምላስ።

«ቢሞቱስ? ደንቡ ያልደፋ ነው የሚለው! የሞተ ይላል? የት ላይ?»

ተቆጣጣሪዋ ደንቡን ገልጣ ሁለቴ አነበበች። «ልክ ነዎት፣ አይልም። ግን ከቆጠራ በፊት እያንዳንዱ ቀማሽ በሙያው ይጠራል ይላል። ተጠርተው ያውቃሉ?»

«እ... ሰዓት ለመቆጠብ ስንል...»

እሷም ብድግ ብላ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞረች። «በርሜል ሠሪው!» ዝም። «ጨማቂዋ!» ዝም። በየጥሪው ሰው ሁሉ ከወንበሮቹ አንድ እርምጃ ይሸሻል። ሥራ አስኪያጁ መሳቅ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። አምስቱን ጨረሰች።

«ሐረግ ከርካሚው!»

ያኔ ቀጭታው ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ለካ እስካሁን ይሰሙት ኖሯል፤ ያወቁት ሲቆም ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ ወደኋላው ዞሮ አየ። አቤት ያለ የለም።

ተቆጣጣሪዋ «አልቀረቡም» ብላ በስድስቱም ትይዩ ጻፈች። የቀረበ አንድ፣ የተቃወመም አንድ። ስሙ ተነሳ።

አሁን መለያው «ቀይ ወይን ጠጅ» ብቻ ይላል። ማሽኑ እንደ ቅቤ ይሽከረከራል። ፋብሪካው በሙሉ እፎይ ሲል ጋሽ ምላስ ብቻ በየደቂቃው እጁን አቁሞ ያዳምጣል። ምንም የለም።

እሑድ ኮረብታው ላይ ወጣ። በአባቱ የድንጋይ እርከን ላይ ደረቅ ጉቶዎቹ መሃል ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ስማችንን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። አራት ዓመት የሰው ወይን በስምህ ስለጥፍ የኖርኩትም እኔ ነኝ። በየትኛው እንደተቀየምከኝ ንገረኝ።»

ጠበቀ። ነፋስ እንኳን አልነበረም። ድሮ ቢሆን ዝም ያለ ተስማምቷል ብሎ ይነሳ ነበር። ያንን ደንብ ግን በገዛ እጁ ደፍቶታል። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ጠየቀ።