የእማማ ምርቃት አይድረስባችሁ

እማማ ሰው ተሳድባ አታውቅም ይላሉ ዘመዶቿ። እውነታቸውን ነው። የጠላችውን ሰው ተሳድባ አታውቅም። የምትመርቀው የጠላችውን ነበር። ስድቡን ለወዳጅ ነው ያስቀመጠችው፣ ያውም ሳትሰስት።

ልብስ ሰፊ ነበረች። የምትሠራው ከቤቷ የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። የስፌት መኪናዋ ስትረገጥ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ታጉረመርማለች። ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ታች ጥጉ ላይ ስለተሰነጠቀ የደንበኛውን ሁሉ ጉልበት ለሁለት ይከፍለዋል። አንድ ቀን ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ደንበኛ መጣና፣

«እትዬ፣ ይቺ ሱሪ ጠበበች፤ ትንሽ ቢያሰፉልኝ» አላት።

«ሱሪዋማ ምስኪን ባለችበት ናት። ድንበር የገፋኸው አንተ!»

ሰውየው እየሳቀ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሱሪው ደህና ሆኖ እንኳ ለመሰደብ ብቻ ብቅ ይል ነበር። ሌላው ደግሞ ያሰፋውን ኮት ሠርግ ላይ ሲጨፍርበት ከዋለ በኋላ «እንዳዘዝኩት አይደለም» ብሎ መለሰው። ላቡ ገና አልደረቀም። እማማ ኮቱን ተቀበለችና ለስለስ ባለ ድምፅ «ተባረክ የኔ ልጅ» አለችው። ደስ ብሎት ሄደ። ከዚያ ቤት ግን ዳግመኛ የልብስ ቁልፍ እንኳ አልተተከለለትም።

የልጅ ልጇን «ጠማማ» ያለቻትም በፍቅር ነው። ጠማማ እናቷ ስትሞትባት እማማ ዘንድ ገባች፣ እዚያው አደገች፣ ስፌትም ተማረች። ተማረች ከተባለ ነው እንግዲህ። የሷ ስፌት ቀጥ ብሎ ይነሳና መሃል ላይ ሲደርስ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፣ እጥፍ ይላል። እማማ ልብሱን ገልብጣ የምታየው በውስጥ በኩል ነው። «የውጩንማ ሌባም ያሳምረዋል» ትላለች። ከዚያ ትጀምራለች፦

«አንቺ ጠማማ! ይሄ ስፌት ነው ወይስ ሰካራም የሄደበት መንገድ? ይፈታ!»

የመጀመሪያዎቹን ክሮች ራሷ በመቀስ ጫፍ በጠስ በጠስ ታደርግና የቀረውን ትወረውርላታለች። ተስፋ የቆረጠችበትን ሥራ ግን አትፈታም። ወደ ቡትቶው ከረጢት ነው የምትሰደው። ጠማማ ከመምጣቷ በፊት የአክስቷ ልጅ ስፌት ልትማር ገብታ ነበር። እማማ ሥራዋን ገለበጠች፣ አየች፣ ከረጢት ውስጥ ከተተችና «ተባረኪ የኔ ልጅ፣ ይበቃሻል» አለቻት። ሳምንት ሳይሞላት ተመረቀች ማለት ነው። እስከ ዛሬም «እማማ ዘንድ ስፌት ተመርቄያለሁ» ትላለች። አልዋሸችም።

ጠማማ እንግዲህ ለዓመታት ስትሰደብ ኖረች። ሰው ፊት መናገር የማትችል፣ ደንበኛ ሲመጣ ጨርቁ ሥር የምትገባ ልጅ ናት። በዚህ ዓለም ላይ እርግጠኛ የሆነችበት ነገር ቢኖር የእማማ ስድብ ነው።

ከዚያ እማማ ታመመች፤ ማንኪያ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ጠማማ የተቀደደውን የአያቷን ግራጫ የቤት ቀሚስ እጅጌ ሰፍታ አልጋው ድረስ አመጣችላት። እማማ እንደ ልማዷ ገለበጠችው። ስፌቱን እስከ መታጠፊያው በጣቷ ተከተለችው።

«ተባረኪ የኔ ልጅ» አለቻት።

ጠማማ እጇን ወደ ቀሚሱ ዘረጋች።

«እማማ... ልፍታው?»

«እዚሁ ተይው» አለችና ቀሚሱን ከትራሷ ሥር ሸጎጠችው። በማግስቱ አልነቃችም።

ከቀብር መልስ ቤቱ ሞላ። እናቱን ለመጠየቅ ጊዜ አጥቶ የኖረው ትልቁ አጎት መሃል ወንበር ላይ ተደላደለ። ለማልቀስ ግን ጊዜ አላጣም።

«እናቴ እኔን ሳትመርቅ የሸኘችኝ ቀን የለም!» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«እሱስ እውነት ነው» አለ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ። «እኛም እንሰማ ነበር። እኔን ግን አንድ ቀን መርቀውኝ አያውቁም። ‹አንተ የራስህን መላጣ ሳታይ የሰው ጎፈሬ የምትቆርጥ› እንዳሉኝ ሄዱ።»

«አይዞህ፣ ከልቧ አይደለም» ብሎ አጎት አጽናናው። ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ ሻይ ብርጭቆው ደፋ።

«አንቺስ? መጨረሻ ላይ አብረሻት የነበርሽ አንቺ ነሽ። ምን አለችሽ?» አላት አጎት ጠማማን።

ሰው ሁሉ ዞረ። ጠማማ ጣቶቿን እያፍተለተለች፣

«ተባረኪ... አለችኝ።»

«እሰይ! ታድለሽ!»

ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንቺን?» አለና ከንፈሩን መጠጠ።

ጠማማ እንባዋ ሳይቀድማት ወደ ጓዳ ገባች። ለካ እሷም ወደ ከረጢቱ ከሄዱት አንዷ ናት። ጓዳ ደግሞ ምሩቋ የአክስት ልጅ የእማማን አልጋ እያነሳች ነበር። ግራጫውን ቀሚስ አንጠልጥላ፣

«ይቺ እንኳ ለመወልወያ ትሁን» አለች።

«አምጪው!»

ጠማማ ስትጮህ የተሰማው ያን ቀን ነው። ቀሚሱን ነጠቀችና እጅጌውን ገለበጠችው። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ከሚታጠፍበት ቦታ ጀምሮ ግን ክር የለም። ተፈትቷል። አልጋው አጠገብ መቀስ አልነበረም፣ የእማማ እጅም መቀስ አይይዝም ነበር። ጨርቁ ተጨማዷል፣ የክሩ ጫፍ ታኝኳል። ሴትዮዋ በቀሯት ጥርሶች ነው የፈታችው።

ምናልባት ልትሄድ ስትል አንድ ቀን እንደ ሰው መመረቅ አምሯት ይሆናል። አፏን ማን ያውቃል። ጥርሷ ግን አልዋሸም፤ ተስፋ የቆረጠችበትን አትፈታም።

ጠማማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቅ ያዛት።

«ምን ሆነሻል? በሐዘን ቤት ይሳቃል?» አለች ምሩቋ።

«ፈትታዋለች እኮ!»

«እና ያስቃል? አበላሸችው እንጂ! ነፍሷን ይማርና ዓይኗም ደክሞ ነበር። ደግሞ እኔ ብሆን አሳምሬ እሰፋላት ነበር።»

ጠማማ ቀሚሱን ደረቷ ላይ አጠፈችና ለስለስ ባለ ድምፅ፣

«ተባረኪ እህቴ» አለቻት።

«አሜን» አለች ምሩቋ።