ቴስተሩን ማን ፈተሸው?

ሰውየው የማያምነውን ነገር ሁሉ የሚነካው በእጁ ጀርባ ነው። የብረት በር፣ የፍሪጅ ጎን፣ የማያውቀው ቤት አጥር። ለምን ቢሉት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነዋ! ኤሌክትሪክ መዳፍን ካገኘ ጣትን ያጨማድዳል፤ የያዙትን መልቀቅ የለም። የእጅ ጀርባ ግን ሲነዝረው በራሱ ይሸሻል። ሰውየው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ብልሃት ኖሯል።

የሥራ ጓደኞቹ ቶሎ ስለሚቃጠል «ፊውዝ» ይሉታል። ሰሞኑን ያቃጠለው ደግሞ የፊርማ ነገር ነው። እሱ አምስት ፎቅ ሙሉ ሽቦ ሲጎትት ይከርማል፤ በመጨረሻ ሸሚዙ ያልቆሸሸ መርማሪ ይመጣና በመለኪያው እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጎ ይፈርማል። ያለዚያ ፊርማ ሕንፃው መብራት አያይም።

«እኔ አምጬ እወልዳለሁ፣ እሱ መጥቶ ስም ያወጣል!» ይላል ፊውዝ።

ጉልበቱም መሰላል መጥላት ጀምሯል። ስለዚህ አንድ ሆስፒታል ሰርተፊኬት ያለው የኤሌክትሪክ መርማሪ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ማልዶ ወደ ማሠልጠኛው ሄደ። ኮርሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ለሆስፒታሉ ማመልከቻ ይደርሳል። ሁለተኛው አራት ወር ነው፤ እሱ እስኪያልቅ ቦታው በሌላ ሰው ይያዛል።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ገና ከቤት ሳይወጣ አስጠንቅቃዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ የሦስት ሳምንቱን ተመዝግበህ ቶሎ ና። ‹ይሄ ምንድነው፣ ያ ምንድነው› እያልክ እዚያው እንዳታድር!»

የምትመዘግበው አሠልጣኟ ራሷ ነበረች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። «ጋሼ፣ ለአጭሩ ኮርስ ትንሽ መግቢያ ፈተና አለች» ብላ ወደ መለማመጃው ክፍል ወሰደችው።

ፊውዝ በሩ ላይ ቆመ። ግድግዳው ሁሉ ሶኬት፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ሽቦ ብቻ ነው። አልጋ የለ፣ ወንበር የለ፣ ሰው የለ። ቤት ሥጋው ተገፎ ጅማቱ ብቻ የቀረ ይመስላል።

«ይህን ሶኬት ሊፈቱት ነው እንበል» አለችው።

የሶኬቱ ቁጥር የተጻፈበትን ማቋረጫ፣ ብሬከሩን፣ አጠፋ። ኃይል ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተር ከጠረጴዛው አንስቶ ሶኬቱ ውስጥ ከተተ። አልበራም።

«ኃይል የለውም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እህቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት!»

መፍቻ ሲያነሳ ክንዱን ያዘችው። ቴስተሩን ተቀብላ አምፖል ቦግ ብሎ የሚበራበት ሌላ ሶኬት ውስጥ ከተተችው። እዚያም አልበራም። ከኪሷ ሌላ ቴስተር አወጣች፤ አምፖሉ ጋ በራ። ፊውዝ «የለውም» ያለው ሶኬት ውስጥ ስትከተውም በራ።

«የብሬከሩን ቁጥር ሆን ብለን አሳስተን ነው የለጠፍነው፤ ቴስተሩም የማይሠራ ነው። አይደንግጡ፣ ኃይሉ ለልምምድ የተቀነሰ ነው» አለች። «መጀመሪያ ቴስተሩን በሚሠራ ሶኬት ይሞክሩታል። ቀጥሎ የሚፈቱትን። ከዚያ ተመልሰው ቴስተሩን እንደገና።»

«እንደገና ለምን?»

«በመሃል ሞቶ ቢሆንስ?»

ይቃጠላል ሲባል ፊውዝ አልተቃጠለም። ስንት ሺህ ጊዜ «የለውም» ብሎ እጁን እንደሰደደ አሰበ። ምስክሩን ሳያጣራ ነበር ሲፈርድ የኖረው።

«እሺ፣ ግድግዳ ውስጥ የተላጠ ሽቦስ? ሳታዩት እንዴት ታገኙታላችሁ?»

«እንለካዋለና።»

«መሬት የተቀበረውስ?»

ሳቀች። «እሱ የአራት ወሩ ነው ጋሼ። የሦስት ሳምንቱ ይህን ለሚያውቁ ነው። ግን ፈተናውን ከሰዓት መድገም ይችላሉ፤ አሁን መልሱን ስላወቁት ያልፋሉ።»

ፊውዝ ኮሪደር ወጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ተመዘገብክ?»

«የአራት ወሩን ልመዘገብ ነው።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «ሆስፒታሉስ?»

«ያመልጠኛል። ግን ሆስፒታል እኮ ነው። ‹የለውም› ብዬ ብፈርም፣ እኔን አምኖ እጁን የሚከት ሰው አለ።»

«ይሁን፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። መሰላሉን የምትወጣው አንተ ነህ፤ ማታ ‹ጉልበቴን› ብትለኝ ግን አልሰማህም!» የስፌት መኪናው ድምፅ እንደገና ተሰማ።

ቅጹን ሞልቶ ፈረመ። ከሰዓት ሥራ አለበት፤ ሦስተኛ ፎቅ ገና ሽቦ አልገባለትም። ረጅሙን ኮሪደር ያዘ። እኩሌታው ላይ ቆም ብሎ ጣሪያው ላይ የምትርገበገብ መብራት አየ፤ «ይቺንስ ማን ፈተሻት?» ብሎ ለራሱ አጉተመተመና በትንሹ እያነከሰ ወደ ደረጃው ሄደ።