ተርቧና የተኛው ወንድሜ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ባለው ቤቴ ውስጥ የተርብ ጥዝታ ሰማሁ። አልጋው ላይ የአንድ ወር ልጄ ተኝታለች።

ተርብ መፍራት የጀመርኩት በሰባት ዓመቴ ነው። ይጁቤ ከተማ አጠገብ ባለው መንደራችን፣ አባቴ ለድንች መደቡ ፍግ ሲዝቅ አንድ ወፍራም ነጭ የጥንዚዛ ትል ከዶማው ጋር ወጣ። እንደ ጨቅላ ጥቅልል ብሏል፤ በእንጨት ብነካው አልተንቀሳቀሰም።

«ሞቷል፣ አባዬ?»

«አልሞተም። ተርብ ነድፋ አደንዝዛው ነው። እንቁላሏን ሆዱ ላይ ጥላለች፤ ልጇ ሲፈለፈል እሱን እየበላ ያድጋል።» ከዚያ ወደ ቤቱ ዞር አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝም ብሎ የተኛ ሁሉ ደህና አይምሰልሽ» አለኝ።

ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ አራስ ነበረች፤ አዲሱ ወንድሜ በነጠላ ተጠቅልሎ አጠገቧ ተኝቷል። ከክፉ እንዲጠብቃቸው ትራሳቸው ሥር ቢላዋ ተቀምጧል፤ ተርብ ግን ቢላዋ ትፈራለች? ወንድሜን ጠራሁት፤ አልነቃም። ክንዱን ቆነጠጥኩት። ጩኸቱ ቤቱን ሲሞላው እናቴ ብድግ ብላ፣ «ምን አደረገሽ!» እያለች እጇን አነሳችብኝ።

አባቴ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ደረሰ። «ተያት፤ ያልቅስ» አላት። ከእኔ በፊት የወለዱት ልጅ እንደተኛ መቅረቱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አሁን የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እንደዚያች ያለች ተርብ የምትፈልገው የጥንዚዛ ትል ብቻ እንደሆነ በየዓመቱ አስተምራለሁ። የዛሬዋን ተርብ መስኮቱን ከፍቼ አስወጣኋት። ከዚያ የልጄን እግር ቆነጠጥኩ፤ እስክታለቅስ ድረስ እኔም አልተነፈስኩም።