የጋሽ አለበል ሦስተኛ ባልዲ

አንቺ ደግሞ ማን ነሽና ትጽፊያለሽ ብትሉኝ እውነታችሁን ነው። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የተጣመመ ቢኖር እያቃናችሁ አንብቡልኝ። ስለ ጎረቤቴ ስለ ፍቅርተ ሌላ የሚጽፍ ስላጣሁ ነው።

ፍቅርተ የእኛው አገር የእስቴ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰችና ከተማችን መካነ ኢየሱስ ላይ ሞባይል መጠገኛ ከፈተች። በዚያ ዓመት፣ በ2011 መሆኑ ነው፣ የእኛ ማር ስሙ ጠፍቶ ነበር። አንዳንዱ ስኳር እያፈላ ስለሚቀላቅል ማራችንን የሚረከበው ነጋዴ ሞላ ንጹሑንም መመለስ ጀመረ። ዘንድሮ ማመን ካቃተኝ ከእናንተ አልገዛም ብሎ ቁርጡን ነገረን።

ፍቅርተም ብሎክቼን የሚሉትን፣ ትንሹን፣ ሠራችልን። የገባኝን ያህል ልናገር። ባልዲው ሞላ መጋዘን ሲታሸግ ቁጥር ይለጠፍበታል። ያ ቁጥር ከፊተኛው ባልዲ ቁጥር ጋር እንደ ገመድ ተገምዶ ነው የሚወጣው፤ አንዱን ልምዘዝ ቢሉ የኋለኛው ሁሉ ይፈታል። ግልባጩም በሞላም በእኛም ሞባይል ስላለ አንዱ ቢነካካው ሌላው ያጋልጠዋል።

ማር እንደቆረጥን፣ በኋላ ማንም ስኳር ቀላቅሎ እንዳያበዛ ልትመዘግበው፣ ስንት ባልዲ እንደሞላን ጠየቀችን። አባቷ ጋሽ አለበል "ሁለት ብትሆን ነው" አሉ። በእኛ አገር ቀፎውንና ከብቱን ቆጥሮ የሚናገር የለም፤ ዓይን ይገባበትና ንቡም ጥሎ ይሄዳል ይባላል። እሷ ከተማ ስትማር ይህን ረስታው ነው መሰል፣ ሁለት ብላ መዘገበች።

ሞላ መጋዘን ስንደርስ የጋሽ አለበል ሦስተኛ ባልዲ ቀረበ። የፍቅርተ ላፕቶፕ፣ ከተመዘገበው በላይ ነው፣ ቁጥር አልሰጥም አለ።

"ጋሽ አለበል፣ ይችን የሠራቻት ንብ ስኳር ሱቅ ነው የዋለችው?" አለ ሞላ። ሰው ሳቀ። ጋሽ አለበል ባልዲያቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወጡ። እሷ ፊቷ አመድ መሰለ።

ማታውን እቤታቸው ተሰበሰብን። ሠሪዋ አንቺው አይደለሽ፣ ሁለት የሚለውን ሰርዘሽ ትክክሉን አግቢ አልናት።

"ለአባቴ ከሰረዝኩ ስኳር ለሚያፈላውም እሰርዛለሁ" አለች። "ጥፋቱ የጥያቄዬ ነው። ከእንግዲህ ድምሩን ማንንም አልጠይቅም፤ ባልዲው እንደሞላ እዚያው ቀፎው ሥር ይታሸጋል። የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ይኖራል። አባዬ ከሥሩ እውነቱን ይጨምሩ፤ ሲቆረጥ ያዩት ደግሞ ይመስክሩ።"

ጋሽ አለበል እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ "ንቡ ቢሄድብኝስ ልጄ?" አሉ።

"ንቡ ቢሄድ ሌላ መንጋ ይገባል። ስምዎ ከሄደ በምን ቀፎ እንይዘዋለን?"

እኛም ነገሩን ሳንቋጭ ተበተንን።

በማግሥቱ ጠዋት ፍቅርተ ላፕቶፗን አንግታ ስትወጣ አባቷን፣ የቀሩትን ባልዲዎች በአህያዋ ጭነው፣ ደጅ ቆመው አገኘቻቸው። አብረን ወረድን። ሞላ በር ላይ ጋሽ አለበል አማተቡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "የቆረጥኩት አምስት ባልዲ ነው" አሉ። ፍቅርተ ከሁለቱ ሥር ጻፈችው። ቀፎው ሲከፈት ጭስ የያዝኩት እኔ ነበርኩና በሞባይሌ "አይቻለሁ" የሚለውን ተጫንኩ። ሌሎቹም ተጫኑ። ቁጥሩ ወጣ። ፍቅርተ ሦስተኛው ባልዲ ላይ ለጠፈችና ማንንም ሳታስነካ ራሷ ተሸክማ ወደ መጋዘኑ አስገባችው።