የቅዳሜ መርዶ

ሰው ሲጠይቀኝ ወንድሜ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው ያለው እል ነበር። ሊዮን አልነበረም። የሚኖረው ከሊዮን ወጣ ብላ ባለች፣ ትራሙ የመጨረሻውን ሰው አራግፎ በሚመለስባት ከተማ ነው። ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ካፌው በአልጄሪያ ሽማግሌዎች የተሞላ፣ የሊዮን ሰው ለምንም ጉዳይ ዝር የማይልባት። እሱ ግን ይወዳት ነበር። ስቀልድበት፣ «ለንደን ለንደን ትያለሽ፣ ቶተንሃም አይደለሽም እንዴ?» ይለኛል። ምን እላለሁ፣ እውነቱን ነው። እኔም ቢሆን ቤተ መንግሥቱን ያየሁት እንግዳ ሳስጎበኝ ብቻ ነው።

ከእናታችን ልጆች የቀረነው ሁለታችን ነበርን። እሷ ስታርፍ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ጥገኝነት ጠይቀን መልስ እንጠብቅ ነበርና ወረቀት ስላልነበረን ሁለታችንም አልቀበርናትም። ስልክ ይዘን ተላቀስን። ያን ቀን ነው የተማማልነው፦ ቢያንስ እኛ እንቀባበር፣ ቀድሞ የሄደውን የቀረው አፈር ያልብሰው። በኋላ ሁለታችንም ወረቀት አገኘን። ከዚያ ወዲያ ምን ይከለክለናል? በባቡር ጠዋት ተነስተው ማታ የሚገቡበት አገር ነው።

ባለፈው ዓመት፣ አንድ ሰኞ፣ ወንድሜ ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቀጥ አለ። አብሮት መጋዘን የሚሠራ ሐበሻ ጓደኛው ስልኬ ነበረው፤ ለእኔ መደወል ግን ፈራ። መርዶ በስልክ አይነገርማ! ስለዚህ እዚህ የማመልክበትን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አፈላልጎ ነገራቸው፤ ቀብሩ ዓርብ እንደሆነም ጭምር። እሳቸውም፣ ግድ የለህም፣ እኛ እንነግራታለን አሉት።

እኔ ያን ሳምንት አረጋውያን መንከባከቢያው ውስጥ ሺፍቴን እሠራለሁ። ማክሰኞ አዲስ የገዛሁትን ጫማ ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክሁለት። መልስ ሳጣ፣ አንተ ሰነፍ ብዬ ቴክስት አደረግሁለት። ረቡዕ ማታ ለጸሎት ሄድኩ። ቤቱ ሙሉ ያውቃል። አንዷ አቅፋ አልለቅ አለችኝ፣ ሌላዋ ምግብ ቋጥራ አስያዘችኝ፣ ሽማግሌው ራሴን ዳበስ አድርገው አለፉ። እኔ ጅሏ፣ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የወደዱኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። እስከ ዛሬ እሷ ደስታ ታንገበግበኛለች።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ሽማግሌው ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጥቁር የለበሱ ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል። ወዲያው ገባኝ። ሌላ ማን አለኝና? ከፈትኩላቸው። ሽማግሌው ጥቅስ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

ወለሉን አዩ። «ተፈጽሟል፣ ልጄ። ትናንት።»

«እርስዎ መቼ ሰሙ?»

«ሰኞ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ያስረዱኝ ጀመር። ብቻዬን እንዳልሰማ ብለው ነው። ሥራ ላይ ብወድቅስ? በአዘቦት ቀን ሰው ሁሉ ሥራ ነው፣ ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነው፣ መርዶ ደግሞ ያለ ሰው አይሆንም። ብትሄድስ ሬሳ አይታ ምን ይጠቅማታል ተባብለዋል። ተሰብስበው፣ ጸልየው፣ ተመካክረው! እኔ ብቻ አልተጠየቅሁም። በቁሜ ነደድኩ፤ ግን አልጮህኩም። ሴቶቹ እየተንሰቀሰቁ በገዛ ኪችኔ ሻይ አፈሉልኝ። ልቅሷቸው የምር ነበር፣ ያናደደኝም እሱ ነው። የሚጠሉኝ ሰዎች ቢሆኑ ሰድቤ አባርሬያቸው እገላገል ነበር። የሚወዱኝን ምን ላድርጋቸው?

በሳምንቱ ወደዚያች ከተማ ሄድኩ። ጓደኛው ትራም ጣቢያው ላይ ተቀበለኝ፤ አቅፎኝ አለቀሰ እንጂ ምንም አልጠየቀኝም። መቃብሩ ከመኪና መንገዱ ሥር፣ ከአንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ጀርባ ነው። መኪናው እያጓራ ያልፋል። ካፌዋን፣ የእሑድ ገበያዋን፣ ፎቋን በስልክ እየነገረኝ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ይህን ቦታ ግን እሱም አያውቀው ኖሯል። አፈር ዘገንሁ። ከጉብታው ላይ በተንኩት፣ ምንም ለውጥ አላመጣም። የማለብሰው ነገር አልነበረማ፤ ሌሎች ጨርሰውታል።

ከዚያ ልብሱን ለመሰብሰብ ወደ ቤቱ ወጣን። ፊት ለፊት የምትኖረው አልጄሪያዊት አሮጊት ድምፃችንን ሰምታ ወጣች። ጓደኛው ማን እንደሆንኩ ሲነግራት ሁለቱንም ጉንጮቼን ሳመችና ረጅም ነገር ተናገረች። ፈረንሳይኛ አላውቅም፤ ዞር ብዬ አየሁት።

«ቀብሩ ላይ ነበርኩ ነው የምትለው» አለኝ። «እኔም ለቀባሪዎቹ ሁሉ እህቱ ከለንደን እየመጣች ነው ብያቸው ነበር፤ ተነግሯታል ብዬ። ሳጥኑን ሳናወርድ ጠበቅንሽ። የመቃብር ሠራተኞቹ ቢቆጡም ለምነን፣ እየደጋገምን በሩን እያየን።» አሮጊቷ አሁንም አንድ ነገር ጠየቀችው። «ባቡሩ ዘግይቶባት ነው ወይ ትላለች።»

እሱም እንደ አሮጊቷ መልሴን ይጠብቃል። ምን ልበላቸው? ጠብቃችሁኝ ሳለ እኔ ለንደን ሺፍት ላይ ነበርኩ፣ ሳህን እያጠብኩ፣ ወንድሜ በሕይወት አለ ብዬ? ቀብሩን እንዳላይ የከለከሉኝ የሚያዝኑልኝ ሰዎች ናቸው ብዬ? ይሄ ምስኪን ደግሞ ምነው ራሴ በደወልኩላት ብሎ ዕድሜ ልኩን ሊንገበገብ? ይሉኝታ አፌን ያዘው።

«አዎ በላት» አልኩት። «ባቡሩ ዘግይቶ ነው።»

አሮጊቷ እጄን ጨብጣ ባቡሩን መራገም ጀመረች። እኔም አብሬያት፣ በአማርኛ፣ እስኪወጣልኝ ድረስ ረገምኩት።