የተሳመ ግድግዳ

ፎቶ ከመነሳትህ በፊት ታጠብ ይባላል። ስህተት ነው። ይህን የምለው መቃረን ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ በፎገራ ሜዳ አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ታጥቦ ከካሜራ ፊት ሲጠፋ ስላየሁ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ከወረታ ወደ ሐሙሲት ሲሄዱ በቀኝ በኩል፣ በሩዝ ማሳዎች መካከል ጥቂት ከፍ ባለች ጉብታ ላይ ነበር። ክብ ነው፤ ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ። የጉማራ ወንዝ በየክረምቱ እየሞላ እግሩን ሲያርሰው ኖሮ በወንዙ በኩል አብጧል። ምእመናኑ ከዓመታዊው ንግሥ በኋላ ባለው ሰኞ ሊያፈርሱት ወስነው ነበር። ክርክሩ ስለ ማፍረሱ አልነበረም፤ በቦታው ስለሚቆመው ነው። ደብሩን የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ ካህን፣ ቄሰ ገበዙ፣ «እንደ ነበረው ይሠራ» ይላሉ። ግንበኛው ደግሞ ነገር አያንዛዛም።

«እንደ ነበረው ማለት ስንት ነው? ልኬቱን በወረቀት አምጡልኝ፣ እሠራለሁ። ካላመጣችሁ እኔ የማውቀው በብሎኬት፣ አራት ማዕዘን ነው።»

ልኬቱን እንድታመጣ የተጠራችው የሕንፃ ንድፍ የተማረችው የእህቴ ልጅ ናት። እኔ ሜትር ተሸክሜ ተከተልኋት። እውነቱን ለመናገር ተስፋ አልነበረኝም። ቅርስ በኮምፒዩተር ይድናል ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ቤቱ ተቃጥሎበት የቁልፉን ፎቶ የሚያሳይ ሰው ይታየኛል።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓይን ለምን የተሰጠን ይመስልዎታል?» አለችኝ በባጃጁ ውስጥ።

«አንዱ ሲታመም በሌላው እንድናነብ።»

«ርቀት እንድናውቅ ነው» አለች፤ ፎቶግራሜትሪ የሚባለውንም በዚያው አስረዳችኝ። ግድግዳውን እየዞርህ እርስ በርስ የሚደራረቡ በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ታነሳለህ። ኮምፒዩተሩ አንዲቷን ስንጥቅ በአሥር ፎቶ ውስጥ ለይቶ ያውቃታል፤ ከየት ከየት እንደታየች አስልቶ ቦታዋን ይተክላል። እንዲህ ያሉ ነጥቦች እልፍ ሲሆኑ ቤቱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይቆማል። ለዚህ ሥራ ከአሮጌ ጭቃ ግድግዳ የሚሻል የለም። የጥንቱ ልስን በጤፍ ጭድ፣ የቅርቡ ጥገና በሩዝ ገለባ የተቦካ ነው፤ አንዷ ገለባ ከሌላዋ አትመሳሰልም። በመጀመሪያው ቀን ለሙከራ ያነሳቻቸው ጥቂት ፎቶዎች ፊቷን አብርተውት ነበር።

በሳምንቱ፣ ለንግሡ ሁለት ቀን ሲቀር ለዋናው ሥራ ተመለስን። ግድግዳው እንደ አዲስ ነጠላ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ዙሪያውን በሙሉ ኖራ ቀብተውታል።

«ለፎቶ ነው ስትሉን እንዴት ዝም እንላለን?» አሉ ቄሰ ገበዙ በኩራት። «ሴቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ ሲያመላልሱ ከረሙ። እንዲህ ተጎሳቁላ ሰው ፊት ትቅረብ?»

የእህቴ ልጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ቢሆንም አነሳች። ማታ ወረታ ላይ ኮምፒዩተሩ የሠራው ምስል ዛፎቹን ከነቅጠላቸው፣ ጣሪያውን ከነሣሩ አቁሞ ግድግዳው መሆን ያለበትን ቦታ፣ ከላይ ካሉ ጥቂት የመስኮትና የማገር ቁርጥራጮች በቀር፣ ባዶ ተወው። ጣሪያው አየር ላይ ተንሳፍፎ ነበር። ነጭ ከነጭ በምን ይለይ?

በማግስቱ ሄደን ነገርናቸው። የእህቴ ልጅ ግድግዳው ላይ በጭቃ ትንንሽ ምልክት እንድታደርግ ለመነች።

«አባ፣ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ሰኞ ለሚፈርስ ግድግዳ።»

«ልጄ፣ ነገ ንግሥ ነው። ሰኞ የሚቀበር ሰው ዛሬ ፊቱ ጭቃ ይቀባል?»

ኖራውን ከቀቡት ሴቶች አንዷ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «እኔስ ይቺ ልጅ አልገባችኝም! ቤተ ክርስቲያኗ ስትቆሽሽ ደስ ብሏት ሄደች፣ ስትጸዳ አኩርፋ መጣች። አንቺ፣ ባል የምትመርጪውም እንዲህ ነው?»

ሁሉም ሳቀ፤ የእህቴ ልጅም ሳቀች፤ ነገር ግን ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶናል። በሜትር ዙሪያውንና ከፍታውን ልናገኝ እንችላለን። ግድግዳው ወደ ላይ ሲወጣ እንዴት እንደሚሳሳ፣ ወደ ውስጥስ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ግን ሜትር አይናገርም፤ ጣሪያውን የተሸከመው ደግሞ ያ ማዘንበል ነው። አራት ማዕዘኑ ብሎኬት ወደ እኛ ሲመጣ ታየኝ።

ቅዳሜ ለንግሡ ሄድን፤ ሥራ ብለን አይደለም፣ ተጠርተን ስለነበረ ነው። ሜዳው በሙሉ መጥቷል። ሌሊት ካፊያ ጥሎ ስለነበር ጥቁሩ መሬት እግር እየያዘ ነበር። የመጣው ሁሉ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ሄደ። ተሳለመ፤ ግንባሩን አስነካ፣ ሳመ፣ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ሳመ። ቅቤ የተቀባ ጸጉር ተደገፈበት። ሕፃን ያዘለች ጎንበስ ስትል የሕፃኑ እጅ አረፈበት። የቆመው ምእመን ሲደክመው ጀርባውን ሰጠው። እኔ ሰው እያየሁ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን ግድግዳውን፣ በነጩ ኖራ ላይ የሚቀረውን እድፍ እያየች ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

«ጋሼ፣ እየጻፉበት ነው» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰባት መቶ በላይ ፎቶ አነሳች። ኮምፒዩተሯን እቃ ቤቱ በረንዳ ላይ ስትከፍት ቄሰ ገበዙ፣ ግንበኛውና እኔ ከኋላዋ ቆምን። መጀመሪያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አቧራ የመሰለ ነገር ተበተነ። ከዚያ አቧራው ተሰብስቦ ቀበቶ ሆነ፤ በሰው ግንባር ከፍታ ቤተ ክርስቲያኑን የዞረ ቀበቶ። ከሥሩ በጀርባና በትከሻ ከፍታ ሌላ፤ ከዚያ በታች የሕፃናት እጅ። በበሮቹ ግራና ቀኝ ነጥቡ ጥቅጥቅ ብሎ ነበር። ከሰው ቁመት በላይ መስኮቶቹና ማገሮቹ ስላሉ እሱ አላስቸገረም። ጣሪያው ቀስ ብሎ ከአየር ላይ ወርዶ ግድግዳው ላይ አረፈ።

ብዙ አንብቤአለሁ፤ ብዙ ነገር ማድነቅም ትቻለሁ። ያን ቀን ግን አደነቅሁ። ቤተ ክርስቲያን በሰው እምነት ይቆማል ሲባል የሰባኪ ወግ ይመስለኝ ነበር። ይኸውና ነጥብ በነጥብ ሲቆም አየሁት። ግድግዳው ከክብነት ምን ያህል እንደራቀም ያን ጊዜ አወቅን፤ በወንዙ በኩል አንድ ክንድ ያህል ወጥቷል፤ ወጥቶም ስንት ክረምት ጣሪያውን አልጣለም።

ቄሰ ገበዙ በሴቶች በር አጠገብ፣ ከወገብ ዝቅ ብላ የተሰበሰበች ነጥብ ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«ሕፃን ነው» አለ ግንበኛው።

«አይደለም። ሕፃን በሁለት እጁ ነው የሚነካ። ይቺ አሮጊት ናት፤ ወገቧ ከታጠፈ፣ ቀና ማለት ከተዋት ስንት ዘመኗ! ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው የምትስም።» ጣታቸውን ከነጥቧ አነሱ። «እንግዲያ እሷንም ለካችኋት» አሉ።

ሰኞ ወረቀቱ ግንበኛው እጅ ገባ። እያገላበጠ አይቶ «ይሄ ይሠራል» አለ፤ ግድግዳውም ፈረሰ። ልኬቱ ሳይታወቅ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰሜኑ በር የተቀረጸ የዋንዛ መቃን ነበረው፤ ምስጥ በልቶት ከዓመታት በፊት ወጥቶ በቆርቆሮ ተተክቷል። የእኛም ኮምፒዩተር ቆርቆሮውን ከነሚስማሩ በታማኝነት አስቀምጦታል። ቄሰ ገበዙ የድሮውን ስፋት በክንዳቸው ያሳያሉ፤ ባሳዩ ቁጥር ግን ይለያያል። ግንበኛው እስከ መስከረም ሊጠብቅ ቃል ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ ያየውን ቆርቆሮ ይሠራል።

በዚያ አገር ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱት በዚያ በር ፊት ነበር። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እዚያ ከተዳርህ ወይም ሚዜ ከነበርህ አልበምህን አውጣ። ሙሽራዋን ተዋት፤ ከትከሻዋ ጀርባ ያለውን እንጨት እይ። ቢደበዝዝም ቢቀደድም ግድ የለም። ፎቶውን ከመስከረም በፊት ለቄሰ ገበዙ አምጣላቸው።